ጋሽ ሙሉ እንግዳ ሲሸኙ

ውድ አንባቢ፣ ለኮምፒውተር ቀስት ከመቀመጫው የሚነሣ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ጋሽ ሙሉ ሞጣ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። የኮምፒውተራቸው ፕሮግራም ከታደሰ በኋላ የልጆቻቸው ፎቶ ከስክሪኑ ጠፋባቸውና ደወሉልኝ። እኔም ቢቸና ካለው የኮምፒውተር ጥገና ሱቄ ቁጭ ብዬ፣ ስልኩን ሳንዘጋ፣ በኢንተርኔት ኮምፒውተራቸው ውስጥ ገባሁላቸው።

ቀስቱ በራሱ ሲንቀሳቀስ አዩና “ኖር” አሉ። ወንበራቸው ሲንቋቋ በስልኩ ሰማሁ። ተነሥተውልኝ ነው እንግዲህ።

ፎቶውን ወዲያው መለስኩት።

“ጋሼ፣ ጨርሻለሁ፤ ልውጣ።”

“እህል ሳትቀምስ?”

“ሌላ ጊዜ።”

“እንግዲያው ቆይ፣ ልሸኝህ።”

ከቢቸና ወዴት ነው የሚሸኙኝ? ሳቄ መጣ። እርምጃቸው ተሰማኝ፤ ቀጥሎም የግቢያቸው በር ተከፈተ።

“ደህና ግባ፤ ደግሞ አትጥፋ” አሉኝ።

በሩ እስኪዘጋ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። አልተዘጋም፤ ከዓይን እስክርቅ ቆመውልኝ ነው እንግዲህ።