የዳዊት ፓራውልት

መኪና ዝቅ የሚያስደርጉ ሰዎች አይገቡኝም። እናንተስ ይገቧችኋል? ሰው ሁሉ ከፍ ለማለት በሚጋፋበት ከተማ፣ ወንድሜ ዳዊት ደህናውን ሞላ አስቆርጦ መኪናዋን አስፋልት ሊያስልሳት ምንም አልቀረው። «እህቴ፣ ስታይል ነው» ይለኛል። ስታይሉ ምን መሰላችሁ? ጉብታ ሲመጣ ተሳፋሪ ይወርዳል። መኪናዋ በጎን በጎኗ እያቃሰተች ትሻገራለች። ተሳፋሪ ሮጦ ይደርስባታል። እናታችንን አንዴ ከፈረንሳይ ሰፈር እንጦጦ ሊያሳልማት ወሰዳት፤ «ግማሹን ዳገት በእግሬ ነው የወጣሁት» እያለች ስታስቀን ከረመች።

ዳዊት የቤታችን የመጨረሻ ልጅ ነው። እኔ አግብቼ መሪ ኮንዶሚኒየም ስገባ ከእማዬ ጋር የቀረው እሱ ነበር። አዎ፣ ነበር። ወሬውን እያዞርኩ ብቆይ ደስ ባለኝ፤ ግን የት እደርሳለሁ?

አንድ ቀን ጠዋት እንጦጦ ላይ እንደ ልማዱ ሮጦ፣ ቁልቁል እየነዳ ሲመለስ ልቡ ቆመ። ገና ጎረምሳ እኮ ነው! እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ናቸው ያገኙት፤ መኪናዋ ጥግ ይዛ ባሕር ዛፍ ተደግፋ ቆማለች። ከፊት ፓራውልቷ መሰንጠቅ በቀር ምንም አልሆነችም።

አጎታችን ጋሼ ታደሰ አስከሬኑ የተወሰደበት ሆስፒታል ደጃፍ ላይ እንባቸውን ጠረጉና መመሪያ መስጠት ጀመሩ። እኛ ዘንድ መርዶ በዘፈቀደ አይነገርም፤ ታውቁታላችሁ። እማዬ ደግሞ ደም ብዛት አለባት። የንስሐ አባቷ መምሬ ከእንጦጦ ይወርዳሉ፣ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ነገ ሲነጋጋ ይነገራታል። እስከዚያ ማንም ፊቱን እንዳያስነቃ።

«መኪናውስ?» አልኳቸው። ግቢ ካላደረ ትጨነቃለች። ፓራውልቱን ተሰንጥቆ ካየችው ደግሞ አለቀ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እኔ መኪናዋን ይዤ ጉርድ ሾላ ጋራዥ ሄድኩ።

ወንድሜ ሬሳ ክፍል ተኝቶ እኔ ስለ ቀለም ስከራከር ይታያችሁ። «ይኼ ነጭ ወደ ክሬም ያደላል» እያልኩ! ጠጋኙ ሙሌ ጨዋታ አዋቂ ነው። ስንጥቁን በጋለ ብረት እያቀለጠ ሲያጣብቅ አፉ አያርፍም። ወንድምሽን ንገሪው፣ ሞላውን ካልመለሰ በወሩ እዚሁ ነው አለኝ። እንዲያውም ይዘሽልኝ ነይ፣ እኔ እመክረዋለሁ አለ።

«እነግረዋለሁ» አልኩት። ሌላ ምን ልበል? ዞር ብዬ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ። ሙሌ የቀለሙ ሽታ ያስቸገረኝ መስሎት አፍ መሸፈኛ አመጣልኝ። አያችሁ ደግነቱን?

ሲመሻሽ መኪናዋን እማዬ ግቢ አስገባሁ። ዳዊት ለመሥሪያ ቤት ሥራ በድንገት ክፍለ ሀገር ወጣ፣ መኪናውን አሳድሪልኝ ብሎኝ ነው አልኳት፤ መንገድ ሙሉ ያጠናሁትን። እማዬ የሰማችኝም አልመሰለኝም። ጎንበስ ብላ ፓራውልቱን በመዳፏ ዳበሰችው።

«አሠራው!» አለች።

«ምኑን?»

«ይኼን ነዋ! ዓመት ሙሉ ተሰንጥቆ የኖረውን። አሠራው እያልኩ ስለምነው ‹እማዬ፣ የማገባ ቀን ነው የማሠራው፤ ያን ጊዜ ሽማግሌ ትልኪልኛለሽ› ይለኝ አልነበር?»

ለካ ባሕር ዛፉ ምንም አልነካትም። እኔ መሪ ኮንዶሚኒየም ተቀምጬ የማላውቀውን አሮጌ ስንጥቅ ነው አስጠግኜ የመጣሁት።

«ማናት ልጅቷ? አንቺማ ታውቂያለሽ፤ ፊትሽ ይናገራል!» አለችኝ እየሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ አባታችን ከሞተ ወዲህ አይቻት አላውቅም። ልንገራት? ብቻዬን? ያለ ካህን፣ ያለ ዘመድ? የመኪናዋን ቁልፍ መዳፏ ላይ አኖርኩላት። እሱንም አዎንታ አደረገችው።

ያገራችን ሽማግሌ መቼም ለሽምግልናም ለመርዶም የሚመጣው በማለዳ ነው። በዚያው ጋቢ፣ በዚያው አንገት መድፋት። በነጋታው ጎህ ሲቀድ መምሬ ከፊት መስቀላቸውን ይዘው፣ ጋሼ ታደሰና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ከኋላ ተከትለው በሩን አንኳኩ። እማዬ ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ደርሷል ብላ በሌሊት ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳለች። ልጇ ወደ ልጅቷ ቤት እንድትልካቸው ከመንገድ ሆኖ የላካቸው መስሏት በሩን እልል እያለች ከፈተችላቸው። መምሬ ደፉ ላይ ደርቀው ቀሩ።

«ግቡ እንጂ!» አለቻቸው። «ምነው ታዲያ ሙሽራውን ትታችሁት መጣችሁ?»

ጋሼ ታደሰ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። እማዬ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ። ያን ሁሉ የተሰናዳንበትን መርዶ ማንም ሳይነግራት ገባት።

እንዳትደነግጥብን ብለን እኮ ነው ያ ሁሉ ጥንቃቄ። ስንጥቁን እንዳለ ብተወው ኖሮ፣ ቢያንስ ከእልልታ ላይ አትወድቅም ነበር።