ከቆላ የወጣው አበባ

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ። ይህን የተናገረው ሰውዬ አረም አያውቅም ማለት ነው! ሰው እንኳ ደጋ ሊወጣ ሲያስብ መጀመሪያ ጋቢ ይፈልጋል። አረም ምን ቸገረው? አገሩ ሞቅ ማለቱን ይሰማና ሽቅብ ይገሰግሳል። ማን ይነግረዋል አትበሉኝ፤ እኔ የተማርሁት እስከ አራተኛ ነው።

ባለቤቴን ስንዱን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከደጀን በታች ከአባይ ቆላ ነው ያመጣኋት። የደጋው ብርድ አማረራት። እሳት ታቅፋ፣ «ምነው ይህ አገር አንድ ቀን እንኳ በሞቀ!» ትላለች። እኔ መች ዝም እላለሁ? «አገሩ ቢሞቅ ከእናንተ ወባና አረም ሌላ ምን ሊመጣ?» ስላት ማማሰያዋን ታነሳብኛለች።

ከሞተች በኋላ መቃብሯ ላይ ነጫጭ አበባ ፈነዳ። በአገራችን አይቼው አላውቅም። እሷ የላከችልኝ መሰለኝ፤ ምን ላድርግ? ዝናቡ ሲያባራ ውሃ እያመላለስሁ አጠጣሁት፣ በእሾህ አጠርሁት። የመሪጌታ ፍየል፣ ያ የዳዊት ማህደር እንኳ የሚያኝክ፣ አጥሩን ጥሶ ገባና አሸትቶ ፊቱን አዞረ። «አያችሁ? ፍየል እንኳ ስንዱን ያከብራል!» እያልሁ መንደሩን አሰለቸሁት።

ለሙት ዓመቷ፣ በኅዳር፣ ወንድሟ አስማረ ከቆላ ወጣ። አበባውን አይቶ ያለቅሳል ብዬ ስጠብቅ ጭንቅላቱን ያዘ። አያ፣ ምን ነካዎት፣ ይህ እኮ ቅንጨ አረም ነው አለኝ። እሱን ማሽላ መዝራት ያስጣለው ይኸው አረም ነው፤ ከብት አይቀምሰውም፣ እጅ ይልጣል። ደጋው ይበርደው ነበር፣ እንዴት እዚህ ደረሰ እያለ ይገረማል። ፍሬው ከተራገፈ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው የመንደሩ ማሳ ለከርሞ አለቀለት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኸው ነው፤ እኔ ደግሞ ውሃ እያጠጣሁ!

አስማረ ልንቀልልዎት ቢል እምቢ አልሁ። ሚስቴ የኔ፣ አረሙም የኔ። አንድ አንዱን ስነቅል ሁለተኛ የምቀብራት መሰለኝ። እጄ ተቃጠለ። ዓይኔም ተቃጠለ፤ የአረሙ ነው አልሁት።

ጨርሼ ቀና ስል ላብ አጥምቆኛል፤ ጋቢዬን አወለቅሁ። በኅዳር ውርጭ ጋቢ የሚያወልቅ ድሮ እብድ ነበር። የመቃብሯን ድንጋይ ዳበስ አድርጌ፣ «ስንዱ፣ ይኸው አገሩ ሞቀልሽ» አልኋት።

ቤቱ መቀዝቀዙን ግን አልነገርኋትም፤ ደግሞ ትስቅብኛለች።