ጋሽ ቆዩና የእህቴ የሠርግ ፎቶ

የከተማ ፎቶ አንሺ ፎቶ ያነሳል። የተራራ ፎቶ አንሺ ግን ያስተምራል፤ ፎቶውን የሚያነሳው ትምህርቱ ሲያልቅ፣ ያውም ጊዜ ከተረፈው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞን አያውቅም የምትሉ ካላችሁ፣ ፎቶ ተነስታችሁ አታውቁም ማለት ነው። "ቀና በል" ይላችኋል፤ ቀና ትላላችሁ፤ ከዚያ ስለ ሰው ልጅ አንገትና ስለ ኩራት ረጅም ማብራሪያ ይከተላል። እናንተ የፈለጋችሁት ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ብቻ ነበር።

ተራራ ወገብ ላይ የተንጠለጠለችው ትንሿ ከተማችን የዚህን ዘር አውራ ይዛለች። ስማቸውን የሚጠራው የለም። "ቆዩ" ማለት ስለሚያበዙ ጋሽ ቆዩ እንላቸዋለን፤ እሳቸውም እንደ ማዕረግ ተቀብለውታል። ፎቶ ቤታቸው ከዳገቱ ጫፍ፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን ናት። አንዲት ክፍል፣ አንድ በርጩማ፣ ከኋላ ግራጫ መጋረጃ፣ ከፊት ደግሞ ሸለቆውን የሚያሳይ ሰፊ መስኮት። ሌላው ፎቶ አንሺ መስኮት ይጋርዳል። እሳቸው ግን "ሰው ተራራ ፊት ሲቀመጥ ፊቱን ይሰበስባል" ባይ ናቸው።

ድሮ ታች ከተማ ትልቅ ስቱዲዮ ነበራቸው አሉ። ለምን ትተውት እንደወጡ ሲጠየቁ መልሳቸው እንደ ጠያቂው ይለያያል። ለሐኪሙ "ለሳንባዬ" ብለዋል፤ ለዳቦ ጋጋሪው "ለብርሃኑ"፤ ለእናቴ ደግሞ "ታች ያለ ሰው ፎቶ ሲነሳ እንኳ ሰዓቱን ያያል" ብለዋታል። ስለ ተራራ ኑሮ ይህን ያህል የሚሰብኩት ሰው ታዲያ ዳገት ሲወጡ በየጥጉ ቆም ይላሉ። ደክሟቸው እንዳይመስላችሁ፣ እይታ እያደነቁ ነው። እይታው አንዳንዴ የጎረቤት ግድግዳ ነው።

እኔም አንድ ቀን ለፓስፖርት ልነሳ ሄድኩ። በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ፣ አገጬን አነሳሁ፣ ትንፋሼን ያዝኩ። ክቡርነታቸው ካሜራውን ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም።

"ቆይ" አሉ።

"ምን ሆንኩ?"

"ገና አልመጣህም።"

"ይኸው ተቀምጫለሁ እኮ!"

"የመጣው አካልህ ነው። አንተ ገና ዳገቱ ላይ ነህ፣ እያለከለክህ።"

እኔ እስክደርስ እሳቸው ሻይ ጠጡ። ከዚያ በኋላ ስለ ችኮላ ጥቂት ተናገሩና አነሱኝ። ፓስፖርት የሚሰጠው ሰውዬ ፎቶውን አየ፣ ቀና ብሎ እኔን አየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ወንድሜ፣ ደህና ነህ?" አለኝ።

"ሳቅ በሉ" ብለው አያውቁም። "በትእዛዝ የመጣ ሳቅ ጥርስ ብቻ ነው" ይላሉ። አንዲት አስተማሪ ጉንጫቸው ላይ ያለውን ማርያም የሳመችውን ነገር እንዲያጠፉላቸው ቢለምኗቸው፣ "እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ፣ ሳሙና አይደለሁም" ብለው መልሰዋቸዋል። ከሁሉም በላይ የሚወዱት እምነታቸው ግን ስለ ተራራ ሰዎች ነው። "ተራራ ላይ መኮራረፍ አይቻልም" ይላሉ፣ ጣታቸውን ወደ ሸለቆው ቀስረው። "መንገዱ አንድ ነዋ! ወዴት ትሸሸዋለህ?"

ተሳስተዋል። ይቻላል። አባቴና አጎቴ ችለውበት ነበር።

አያቴ ስትታመም አባቴ ታች ሆስፒታል ትወሰድ አለ። ታናሽ ወንድሙ፣ አጎቴ፣ "ከቤቴ አታውርዱኝ ብላ ለምናኛለች፣ አትነካም" አለ። እነሱ ሲከራከሩ አያቴ አረፈች። ከቀብር መልስ አባቴ "ገደልካት" አለው። አጎቴም "አንተ ደግሞ መንገድ ላይ ልትገድላት ነበር" አለ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ቃል አልተነፋፈሱም። በዚያች አንድ መንገድ ሲገናኙ አንዱ ገደሉን፣ ሌላው አለቱን እያየ ይተላለፋሉ። እናቴ ሽማግሌ ብትልክ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተጣልተው ተመለሱ።

እህቴ ልታገባ ስትል አንድ ነገር ብቻ ለመነች፤ አጎታችን እንዲመጣ። መጣ። ግን ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ አጥሩ ጥግ ላይ፣ መንገደኛ ይመስል ቆመ። አባቴም እንዳላየ ሆነ። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ውጠው ቀኑ እንዲመሽ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር፤ እህቴ ደግሞ በየደቂቃው አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ታያለች።

ፎቶ አንሺው፣ እንደምትገምቱት፣ ጋሽ ቆዩ ናቸው። ቤተሰቡ ከቤቱ ጓሮ፣ ሸለቆው ከሚታይበት ሜዳ ላይ ተሰለፈ። ምሳው ቤት ውስጥ እየቀዘቀዘ ነው። ጋሽ ቆዩ በካሜራው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ቆዩ፤ ግራው ቀለለ።"

አክስቴ ወደ ግራ ሄደች።

"አሁን ደግሞ መሀሉ ጎደጎደ። ረጅም ሰው ያስፈልገኛል። እዚያ አጥሩ ጋ ያሉት፣ እስቲ ይምጡ።"

የሙሽራው ዘመዶች በሙሉ ዞረው አጎቴን አዩት። እምቢ ማለት አፈረና መጥቶ ጫፍ ላይ ቆመ።

"እዚያማ ደመናውን ጋረዱብኝ። ወደ ውስጥ። አሁንም። ትንሽ ይቀራል።"

ትንሽ፣ ትንሽ እያሉ አምጥተው አባቴ ጎን አቆሙት፣ ትከሻ ለትከሻ። እናቴ ክንዴን ጨመቀችው። ወንድማማቾቹ እንደ ተተከለ ግንድ ደርቀው ቀሩ። እዚህ ገደልም አለትም የለ፤ ሁለቱም ካሜራውን ከማየት ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም።

ጋሽ ቆዩ ግን አላነሱም። ከሸለቆው የሚወጣው ደመና "ቦታው እስኪደርስ" እየጠበቁ ነው። ነፋሱ የእህቴን ቬሎ ያንገላታዋል። የሙሽራው ጫማ ጭቃው ውስጥ ቀስ እያለ ይሰምጣል። የአንዱ ሆድ ጮኸ፤ ሁላችንም ሰማን፣ ማንም የኔ ነው አላለም።

አጎቴ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ ለማንም ሳይል፣ "ይሄ ሰውዬ እዚሁ ሊቀብረን ነው እንዴ?" ብሎ አጉረመረመ።

አባቴም ካሜራውን እንዳየ፣ "ዝም በል፤ ስትንቀሳቀስ ካየህ እንደገና ይጀምራል" አለ።

ሰልፉ ሁሉ ጆሮ ሆነ። ከስንት ዘመን በኋላ የተነገረው የመጀመሪያ ቃል "ዝም በል" ነበር።

አጎቴ ዞሮ አየው። "እኔን ነው ዝም በል የምትለኝ?"

"አንተን ነዋ! ድሮም አፍህ አያርፍም። ይሄ ልጅ ተኝቶም ያወራል ትል የለም እማዬ?"

ስሟን ሲጠራ የራሱ ድምፅ አስደነገጠው።

"አንተን ደግሞ ድንጋዩ ልጄ ነበር የምትልህ" አለ አጎቴ። ከዚያ በቀስታ፣ "ለምናኝ ነበር እኮ ጋሼ። እጄን ይዛ። ምን ላድርግ?"

አባቴ ዓይኑን ከካሜራው ነቅሎ ወንድሙን አየው።

"አውቃለሁ" አለ። "እኔንም ለምናኝ ነበር።"

እጁን አነሳና የወንድሙን ማጅራት ያዘ፣ ልጅ ሳለ ይይዘው እንደነበረ። ያኔ ካሜራው ቀጭ አለ።

ፎቶው ሲታጠብ እህቴ ዓይኗን ጨፍናለች። ሙሽራው ጫማውን ያያል። አክስቴ በግማሽ የለችም። ከመሀል ሁለት ሽበታም ወንድማማቾች፣ አንዱ አፉን ከፍቶ፣ አንዱ ዓይኑን እያበሰ፣ ካሜራ የሚባል ነገር እንደሌለ ሆነው ይተያያሉ። እህቴ "የማን ሠርግ ነው ይሄ?" ብላ ጮኸች። እናቴ ግን ወስዳ ሳሎን ሰቀለችው።

እኔ ፎቶ ቤት ድረስ ሄጄ ጋሽ ቆዩን አፋጠጥኳቸው። "ሆን ብለው ነው አይደል?"

"ምኑን?"

"አባቴንና አጎቴን ጎን ለጎን ያቆሟቸው።"

"ወንድማማቾች ናቸው እንዴ?" አሉ፣ ንጹሕ ሌንስ በጨርቅ እየወለወሉ። በዚህች ከተማ የማን ድመት የማንን ጫጩት እንደበላች የሚያውቁ ሰው! "መሀሉ ጎድጉዶ ነበር፣ ሞላሁት። ሌላ ነገር አታምጣብኝ።"

ከዚያ ወዲህ አባቴና አጎቴ በእረፍት ቀናቸው አብረው ፎቶ ቤቱ ይሄዳሉ። መጀመሪያ የሄዱት "አፋችን ተከፍቶ ነው የተነሳነው፣ ይህ ፎቶ አይባልም" ብለው ሊወቅሷቸው ነበር። ክርክሩ እስካሁን አላለቀም። በሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተደርድረው ይውላሉ።

ትናንት እናቴ "ምሳ ቀርቧል፣ ጥራቸው" ብላ ላከችኝ። ስደርስ ጋሽ ቆዩ ከፍታ ላይ የኖረ ሰው ልቡ እንዴት እንደሚሰፋ እያስረዱ ነው። አባቴ "ውሸት ነው" ይላል፤ አጎቴ "ጋሼ፣ አስጨርሳቸው እንጂ" እያለ ይቆጣዋል። መልእክቴን ላደርስ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ተውኩት።

"ጠጋ በሉልኝ" አልኩና ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ።