የወርቅ ጥርሴና አማቼ

ሰው ሞኝ ነው፤ የሸፈነው ነገር ሁሉ ያለቀለት ይመስለዋል። ጥርስም ወርቅ ከለበሰ በኋላ ማን ይደፍረዋል ብሎ ይዝናናል። እስቲ ልጠይቃችሁ፣ ጥርሱ ወርቅ ለበሰ እንጂ መቼ ሞተ? እኔ ይህን የተማርኩት ሚስት ልጠይቅ በሄድኩበት ቤት፣ በሽማግሌ ፊት፣ አፌን በርግጄ ነው።

ጊዜው ጣሊያን ደብረ ማርቆስ የከተመበት ነው። መንጋጋዬ ተበልቶ ነፍሴን ሊያወጣት ሲል፣ የጣሊያን ጥርስ ሐኪም ሞርዶ ሞርዶ ወርቅ አለበሰልኝ። ወይ ኩራት! የሚያስቅ ነገር ሳይኖር የምስቅ ሰው ሆንኩ። ችግሩ፣ በዚያ ዘመን ወርቅ ጥርስ ያየ ሁሉ "ይሄ ባንዳ!" ይላል። ምን ላድርግ? እንደ ትልቅ ሰው ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ መሄድ ጀመርኩ።

የወደድኳት እናኑ የደብረ ኤልያሱ የአያ ጥሩነህ ልጅ ናት። አያ ጥሩነህ ደግሞ ወንድ ልጃቸው ከአርበኞች ጋር ጫካ የገባ፣ "የጣሊያን እጅ የነካው ሰው ደጄን አይረግጥም" ብለው የማሉ ሰው ናቸው። እሳቸውም ጋቢያቸውን ከአፋቸው አያወርዱም፤ ሲስቁ ያያቸው የለም። እኔ ቤታቸው ሄጄ ዝም ብዬ ብቀመጥ፣ ይህስ ጭምት ልጅ ነው አሉ አሉ። ጭምት! ወርቄን መደበቄ ነበር እኮ!

ሽማግሌዎቼ የቁርጡን ቃል ሊቀበሉ በተቀጣጠሩበት ሰሞን ያ መንጋጋ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ሐኪሙ ዘንድ ብሮጥ፣ በአስተርጓሚው በኩል እንዲህ አለኝ፦ በወርቁ ሥር ያለው ጥርስ ሕያው ነበር፤ ፊት መበላቱ፣ በኋላም መሞረዱ የውስጡን ነርቭ አቁስሎታል፤ ነርቩ ቀስ ብሎ ሞቶ መግል ቋጥሯል፤ መድኃኒቱ ወርቁን በስቶ ሥሩን ማጽዳት፣ ከዚያ መድፈን ነው። ወርቁን መብሳት! የእኔን ወርቅ! ሽማግሌዎቼ ደርሰው ይምጡ፣ ከዚያ እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ።

በቀጠሮው ዕለት አያ ጥሩነህ ቤት ቆሎ ቀረበ። እምቢ ማለት ነውር ነው፤ በጋቢዬ ሥር አንዲት ሽምብራ ቆረጠምኩ። የጮኽኩትን ጩኸት ጫካ ያሉት አርበኞች ሳይሰሙት አልቀሩም። ጋቢው ወደቀ፣ አፌ ተከፈተ፣ በበሩ የገባችው ፀሐይ ደግሞ ሌላ ቦታ ያጣች ይመስል ወርቄ ላይ አረፈች። ሽማግሌዎቼ መሬት መሬቱን አዩ። በቃ፣ እናኑን አጣኋት አልኩ፤ እንባዬ የጥርሴ ይሁን የእሷ እንጃ።

አያ ጥሩነህ ሁሉንም አስወጥተው በሩን ዘጉ። ጠመንጃቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ጠጋ አሉኝ፤ ጋቢያቸውን ዝቅ አደረጉ፤ አፋቸውን ከፈቱ። ወርቅ! ያውም ከእኔ የሚበልጥ! ከዚያ በሹክሹክታ፣ የእኔም እንቅልፍ ከነሳኝ ሰነበተ፣ ሐኪሙ ምን አለህ አሉኝ። እኔም በዚያች ቅጽበት ሐኪም ሆኜ ስለ ሥሩ፣ ስለ ነርቩ፣ ስለ መብሳቱ አስተማርኳቸው። ወጥተው ለሽማግሌዎቹ፣ ልጁ ጨዋ ነው፣ ሰጥቻለሁ አሉ።

በማግስቱ እኔና አማቼ የሰርግ ልብስ ልንገዛ ነው ብለን ደብረ ማርቆስ ገባን። የሐኪሙ ወንበር አንድ ነው፤ ታላቅ ይቅደም ብዬ አስቀመጥኳቸው። ሐኪሙ በእግሩ የሚዘውራት መሰርሰሪያ "ዝዝዝ" ማለት ስትጀምር፣ የጣሊያን መድፍ የማያስደነግጣቸው አያ ጥሩነህ ከወንበሩ ዘለው ወርደው ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናነቡ።

"ና፣ አንተ ቅደም!" አሉኝ። "ልጄን የሰጠሁህ ለመቼ ልትደርስልኝ ነው?"