የነጩ ጉጉት ሰባት ፊልሞች በቤንዚን ሰልፍ ላይ

ማስረሻ፦ የጃርቱ ፊልም ሦስተኛ ነው ብያለሁ፣ ሦስተኛ ነው! ከዚያ ቦታ የሚያነሳው የለም!

ደሊል፦ እኔ መቼ አንሳው አልኩህ? ጃርት እንዴት ባቡር ይነዳል ነው ያልኩት።

ማስረሻ፦ አኒሜሽን ነዋ! አኒሜሽን ላይ ማንም ምንም ይነዳል።

ደሊል፦ ይንዳ፣ አልከለከልኩትም። ግን ጣቢያው ድረስ በምን ሄደ? እዚህ እኛ ጋ ሰው እንኳ ባቡር ለመሳፈር ከከተማ ወጥቶ በባጃጅ ነው የሚደርሰው።

[አዳማ ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል አልፏል። የባጃጅ ሰልፍ ከነዳጅ ማደያው ጀምሮ እስከ ታችኛው አስፋልት ተጠማዝዟል። ደሊል ቤንዚን የጨረሰች ባጃጁ መሪ ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። ከኋላ እግሩን አጣምሮ የተቀመጠው ማስረሻ የፊልም ሐያሲ ነው። ማን ሾመው? ራሱ። ቴሌግራም ላይ አራት መቶ አሥራ ሁለት ተከታይ አለው፤ ግማሹ ዘመድ ነው። ዛሬ ግን ቀልድ የለም። አሥር ሰዓት ላይ አንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ ይደውልለትና እሱ «ነጩ ጉጉት» የሚባለው የውጭ አኒሜሽን ስቱዲዮ ለሠራቸው ሰባት ፊልሞች በቀጥታ ስርጭት ደረጃ ያወጣላቸዋል። ካማረለት ማክሰኞ ማክሰኞ የራሱ ሰዓት ይኖረዋል። ሦስት ዓመት ደጅ የጠናበት ነገር ነው።]

ማስረሻ፦ ደሊል፣ እየተለማመድኩ ነው። አንተ ዝም ብለህ እንደ አድማጭ ተቀመጥ።

ደሊል፦ አድማጭ ደውሎ ይጠይቅ የለ እንዴ?

ማስረሻ፦ አንተ መስመር የተያዘበት አድማጭ ነህ። [ድምፁን አወፍሮ] «ሦስተኛ፣ ጃርቱና ባቡሩ። የዚህ ፊልም ታላቅነት መጨረሻው ላይ ነው። ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ይገባል። በቃ! ወጣ አልወጣ አይነገረንም። ለተመልካች የተተወ ጥያቄ!»

ደሊል፦ ፊልሙ ምን ያህል ይረዝማል?

ማስረሻ፦ አርባ አንድ ደቂቃ።

ደሊል፦ ሙሉ ፊልም፣ አርባ አንድ ደቂቃ?

ማስረሻ፦ ቁጥብነት ይባላል!

ደሊል፦ በፍላሽ ነው ያየኸው?

ማስረሻ፦ በፍላሽ ነው። ታዲያስ?

ደሊል፦ ፍላሹ ሞልቶ እንዳይሆን። ሲሞላ እኮ ኮፒው ግማሽ ላይ ቀጥ ይላል።

ማስረሻ፦ እኔ ስለ ፍልስፍና አወራለሁ፣ አንተ ስለ ፍላሽ! ለዚህ ነው ፊልም ላንተ አይሆንም የምልህ።

ደሊል፦ ልክ ነህ፣ አይሆነኝም። ቀጥል።

ማስረሻ፦ «ሁለተኛ፣ የጨረቃ ልብስ ሰፊ። እዚህ ፊልም ላይ ሰማዩ ሐምራዊ፣ ምድሩ ሐምራዊ፣ ሰው ሐምራዊ ነው። ስቱዲዮው ሐዘንን በቀለም ነገረን!»

ደሊል፦ ይሄንንስ የት አየኸው?

ማስረሻ፦ ገብረወልድ ፀጉር ቤት፣ ተራ ስጠብቅ።

ደሊል፦ ማስሬ፣ የገብረወልድ ቴሌቪዥን እኮ ዜና አንባቢውንም ሐምራዊ ነው የሚያደርገው። ባለፈው ኳስ ሳይ ሜዳው ሐምራዊ፣ ሁለቱም ቡድን ሐምራዊ። ማን ለማን እንደሚያቀብል ሳላውቅ ተላጭቼ ወጣሁ።

ማስረሻ፦ [ትንሽ ደንገጥ ብሎ ወዲያው እየተመለሰ] ዜና አንባቢው የራሱ ሐዘን ሊኖረው ይችላል። አንተ ደግሞ ጥያቄ አታብዛ!

[ማስረሻ ከብብቱ ነጭ ወረቀት አውጥቶ ላቡን ሊጠርግበት ሲል ጽሑፉ መሆኑን አስታውሶ በእጁ ጠረገ።]

ማስረሻ፦ አሁን አጠቃላይ አስተያየት። «የነጩ ጉጉት ፊርማ ድምፁ ነው። ሽማግሌው፣ ልጅቷ፣ ጃርቱ፣ ንግሥቲቱ፣ ሁሉም በአንድ ሰው ድምፅ ይናገራሉ። ለምን? የሰው ልጅ አንድ ስለሆነ!»

ደሊል፦ ሌላ የሚናገር ሰው አጥተው ይሆናል።

ማስረሻ፦ ያን የሚያክል ስቱዲዮ ሰው ያጣል? የአማርኛውን ትርጉም ራሳቸው ናቸው አስጠንተው ያሠሩት። ጥራቱ ያስታውቃል።

ደሊል፦ ፊልሞቹ ስለ ምን እንደሆኑ የተጻፈ ነገር አላነበብክም?

ማስረሻ፦ አላነብም። የሰው ሐሳብ ዓይኔን ይበርዝብኛል። ስማቸውን ከፖስተር አየሁ፣ በቃኝ። አሁን አንደኛውን ስማ፤ ለዚህኛው ስትል እንኳ ዝም በል።

ደሊል፦ ዝም አልኩ።

ማስረሻ፦ «አንደኛ፣ የፋኖሱ ሽማግሌ። ዙሪያው ባሕር ነው። ቋጥኝ ላይ አንዲት ጎጆ አለች። ሽማግሌው አልጋ ላይ ወድቋል። ልጅቷ ፊቷን አዙራ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ታለቅሳለች። ያኔ እንዲህ ይላታል...» [እዚህ ጋ ማስመሰል የለም፤ ይህን ንግግር ባሰበው ቁጥር እውነቱን ነው የሚያለቅሰው።] «ልጄ፣ ይቺን ፋኖስ የማበራት የሚመጣ ሰው ስላለ አይደለም። ምናልባት የመጣ እንደሆነ፣ የሚጠብቀው እንደነበረ እንዲያውቅ ነው።»

[ደሊል ከመሪው ላይ ቀና አለ።]

ማስረሻ፦ አየህ? አንተን እንኳ ነካህ! ቆይ፣ ዋናው ገና ነው። ይህን ተናግሮ ሲጨርስ፣ መሐል ባሕር ላይ፣ አውራ ዶሮ ይጮኻል። ዶሮ! መንደር በሌለበት! በዚህ ተምሳሌት ላይ ቻናሌ ላይ ሁለት ሳምንት ተከራክረናል። አንዱ ትንሣኤ ነው አለ፣ አንዱ ክህደት ነው አለ። አንተ ምን ትላለህ?

ደሊል፦ የሑስና ነው።

ማስረሻ፦ ምን?

ደሊል፦ ዶሮው። የሑስና አውራ ዶሮ ነው።

ማስረሻ፦ ሑስና ማናት?

ደሊል፦ ዓለም ጤና ከተማ ስኖር ጎረቤቴ የነበረች። ያ ዶሮ ሰዓት አያውቅም ነበር፣ ስቀርፅ እየጠበቀ ነው የሚጮኸው። ብርድ ልብስ ተከናንቤ እንኳ ይገባብኛል።

ማስረሻ፦ ምን ስትቀርፅ?

ደሊል፦ ፊልም ስተረጉም ነዋ። ባጃጅ ሳልገዛ በፊት ዓለም ጤና ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። ሰው ካርቱን በሰው አገር ቋንቋ አይገባንም ሲል፣ በስልኬ እየተናገርኩ አማርኛ አደረግኩላቸው። ከዚያ በፍላሽ መቂም፣ ቆቃም፣ አዳሚ ቱሉም ሄደ። ፋይሉ ላይ «ካርቱን አንድ፣ ካርቱን ሁለት» ነበር የሚለው። ስም እንዳላቸው ዛሬ ካንተ ሰማሁ። የሽማግሌውን ንግግር እስክትል ድረስ የሠራኋቸው መሆናቸውን አልጠረጠርኩም።

ማስረሻ፦ [እየሳቀ] አንተ? ያ ድምፅ? ያ እንደ ነጎድጓድ የሚወርድ ድምፅ?

ደሊል፦ [እጁን እንደ ማይክ አፉ ላይ አድርጎ፣ ከሆዱ] «ልጄ፣ ይቺን ፋኖስ የማበራት...»

[ከኋላ ያለው ባለባጃጅ አንገቱን አወጣ። ከፊት ያለውም ዞረ። ማስረሻ ሳቁ እዚያው ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። ድምፁ ያው ነው።]

ማስረሻ፦ ቋንቋቸውን... የት ተማርከው?

ደሊል፦ ማን ተማረ? አፋቸው ሲንቀሳቀስ እናገራለሁ፣ ሲዘጉ ዝም እላለሁ።

ማስረሻ፦ ታዲያ የሽማግሌው ንግግር? እኔ እኮ አልቅሼበታለሁ!

ደሊል፦ የአባቴ ነው። ሽንኩርት ማሳ ላይ የውሃ ፓምፕ ጠባቂ ነበር። ሲመሽ ፓምፑ ላይ ኩራዝ ይሰቅላል። ለማን ነው ስለው እንዲያ አለኝ። በሞተ በወሩ ነው ያንን የሠራሁት። ሽማግሌው አፉን ከፍቶ አልዘጋ ሲለኝ የምለው አጣሁ፤ የአባቴን አልኩለት።

[ማስረሻ አፈረ። ከማፈሩ ደግሞ ቅናቱ ባሰ። ሦስት ዓመት ሲያደንቀው የኖረው ታላቅ ደራሲ አጠገቡ ተቀምጦ ጥርሱን በክብሪት እንጨት ይፈቀፍቃል። ስልኩን አውጥቶ የስቱዲዮውን ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈተና፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ።]

ማስረሻ፦ ወይኔ! «የፋኖሱ ሽማግሌ፣ የስቱዲዮው እጅግ አስቂኝ ፊልም» ይላል! ሽማግሌው እኮ ሌባ ነው! የጎረቤት ፋኖስ ሰርቆ፣ እንዳይፈተሽ የታመመ መስሎ ነው የተኛው!

ደሊል፦ ሌባ? ወላሂ አይመስልም! ጺሙን አላየህም?

ማስረሻ፦ ልጅቷም አታለቅስም! እየሳቀች ነው!

ደሊል፦ ፊቷን አዙራ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሳቅ ይሁን ለቅሶ በምን ልወቅ? ሰውዬው ተኝቷል፣ አስለቀስኳት።

ማስረሻ፦ ስንቱን ነው የተረጎምከው?

ደሊል፦ ስድስቱን። ያቺ ቅድም የነገርከኝን፣ በደመና ላይ ዓሣ የሚጠመድባትን አላውቃትም።

ማስረሻ፦ [ወረቀቱን እያየ፣ በቀስታ] እሷን ሲኒማ ቤት ነው ያየኋት። ኦሪጅናሉን። «ባዶ ናት፣ የሚያስረዳን ድምፅ የላትም» ብዬ... ሰባተኛ አድርጌያታለሁ።

ደሊል፦ እንግዲያው የነሱን ያየኸው አንድ ብቻ ነው። እሱንም መጨረሻ አደረግከው።

[ስልኩ ጠራ። ማስረሻ ሰልፉ ላይ ያለው ሁሉ እንዲሰማለት ብሎ የስልኩን ድምፅ ገና ጠዋት ጮክ አድርጎት ነበር፤ አሁን መቀነሻው ጠፋበት። ባለባጃጆቹ ተሰበሰቡ።]

ሶፊ፦ [በስልክ] ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን፣ ሶፊ ነኝ! የፊልም ሐያሲው ማስረሻ በመስመር ላይ ነው። ማስረሻ፣ አላስጨንቅህም፣ በቀጥታ አንደኛውን ንገረን!

ማስረሻ፦ አ... አንደኛ... የፋኖሱ ሽማግሌ። በጣም... አሳዛኝ...

ሶፊ፦ የኔም አንደኛ! በዚያ ድምፅ አልቅሼ አልጠግብም። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ተርጓሚውን ስንፈልገው ዓመት ሆነን። እውነቱን ልንገርህ፣ ማክሰኞን ላንተ ያሰብነው እሱን ስላጣነው ነው። አንተ ባለሙያ ነህና፣ የት እንዳለ ታውቃለህ?

[ማስረሻ ደሊልን አየ። ደሊል የክብሪት እንጨቱን አዙሮ በሌላኛው ጫፍ ጀምሯል። ክፉ ሰው አልነበረም ማስረሻ፤ ማክሰኞ ግን ከእጁ ስትወጣ ታየችው።]

ማስረሻ፦ ያሳዝናል፣ ሶፊ። ተርጓሚው... ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል።

ደሊል፦ ኢና ሊላሂ! ማን ነው? እናውቀዋለን?

ማስረሻ፦ [በሹክሹክታ] ዝም በል!

ደሊል፦ [አስቦ፣ አስቦ፣ በዚያው በወፍራሙ ድምፅ] ቆይ፣ ቆይ። እኔ ነኝ እንዴ የሞትኩት?

ሶፊ፦ ማነው? ይሄ ድምፅ! ሽማግሌው! ማስረሻ፣ ሰውዬው አጠገብህ ነው እንዴ?

[ሰልፉ ሳቀ። ከኋላ ያለው ምልኬሳ ጥሩምባውን ነፋ።]

ምልኬሳ፦ ደሊል፣ ዴሚ፣ ሂድ እንጂ! ሰልፉ ሄደ እኮ! ሰው ሊገባብን ነው!

ደሊል፦ ማስሬ፣ ስልኩን ወዲህ በልና ውረድ፤ ቤንዚን የላትም፣ ግፋልኝ። እኔ መሪ ልያዝ።

[ማስረሻ ስልኩን ሰጠ። ሌላ ምን ያደርጋል? ወርዶ፣ ክራቫቱን ወደ ጀርባው ወርውሮ፣ በሁለት እጁ ባጃጇን ይገፋ ጀመር። ከየባጃጁ ሬዲዮ የገዛ ትንፋሹ ሲያለከልክ ይሰማዋል።]

ሶፊ፦ ወንድሜ፣ ስምዎን አላውቅም፣ በሕይወት ስላሉ ደስ ብሎናል! ማክሰኞ ስቱዲዮ እንጠብቅዎታለን። አሁን ግን ለአድማጮቻችን ይንገሩን፣ ከነጩ ጉጉት ሰባት ፊልሞች በእርስዎ አስተያየት የትኛው ይበልጣል?

ደሊል፦ አቦ እህቴ፣ እኔ ስለ ፊልም ምን አውቃለሁ? አንዱም ገብቶኝ አያውቅም። የሚያውቀው ሰውዬ ከኋላ እየገፋኝ ነው፤ ማደያው ጋ ስንደርስ ላገናኝሽ።