አሥር እርምጃ መሬት

ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ነው፤ ወሩ ሰኔ። ፍራንክፈርት ላይ ዝናብ የለም። ሙቀቱ ከጠዋት ጀምሮ ይፋጃል፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ውሎ ጥርት ብሎ ያመሻል።

ሰው ባልያዘው ሞፈር ላይ ምላሱ ይረዝማል። እናንተም ታዝባችሁት ይሆናል። አራሹ ዝም ብሎ ያርሳል፤ ማሳው ዳር ጥላ ይዞ የተቀመጠው ግን በሬው ደከመ፣ ትልሙ ጠመመ፣ እኔ ብሆን በዚህ በኩል እጀምር ነበር ሲል ይውላል። ማታ እጁ ሳያብጥ ምላሱ ዝሎ ቤቱ ይገባል። እኔ እንዲህ ያለውን ሰው አልወድም ነበር። እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ ግን ስሙን አወቅኩት። ደጋፊ ይባላል።

እኔ ብዙ አልናገርም። ትምህርቴም አራተኛ ክፍል ላይ ያበቃ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ ያሳደገኝ አባቴ ነው፤ እኔም ልጆቼን በዚሁ አሳደግኩ። ስጽፍ ግን የሚያቋርጠኝ ስለሌለ ትንሽ እረዝማለሁ፤ ታገሱኝ።

የመጣሁት ልጄን ሞላን ልጠይቅ ነው። ሞላ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስለ አፈርና ስለ ውሃ ተምሯል፤ ዘንድሮ ጨርሷል። የሚኖረው ቦከንሃይም ውስጥ ከሦስት ጀርመኖች ጋር አንድ ቤት ተጋርቶ ነው። እነሱ ቬጌ ይሉታል። የእሱ ክፍል ለሁለት ሰው ስለማይበቃ ኒድ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩት አቶ መኮንን ተቀበሉኝ። በተማሪነታቸው ከአገር ወጥተው በዚያው የቀሩ፣ በመሐንዲስነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ደግ ሰው ናቸው።

አቶ መኮንን ከወንዙ አጠገብ የአትክልት ቦታ አላቸው። ቦታ ስላችሁ ሌላ እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ጥማድ በሬ ቢገባበት መዞሪያ ያጣል። የአጥሩ ቁመት በደንብ የተወሰነ ነው፤ ከልኩ ካለፈ ደብዳቤ ይመጣል። ቲማቲሙ ስም የሚጠራበት ይመስል በሰልፍ ይቆማል። የመጣሁ ሰሞን እርሻቸውን አስጎብኝተው እንዴት ነው ቢሉኝ፣ ጥሩ ነው፣ ሲያድግ እርሻ ይሆናል አልኳቸው። ደግነታቸውን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው፤ ሳቁ።

ነገሩ የተጀመረው በዚሁ ቦታ፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። ሞላ የሚጫወትበት የዩኒቨርሲቲው ቡድን ሳይታሰብ ጥሎ ማለፍ ደርሶ ነበር። ጨዋታው የፊታችን ቅዳሜ ነው። የእኔ የመመለሻ ትኬት ደግሞ ሐሙስ። ሞላ ትምህርቱን ስለጨረሰ፣ ከተሸነፉ ይህ የመጨረሻ ጨዋታው ነው። ቆዩልኝ አላለኝም። እንዳይለኝ አድርጌ ያሳደግኩት እኔ ነኝ።

እኔም ለመቆየት አላሰብኩም። የጤፉ መሬት ገና ሁለት ጊዜ ነው የታረሰው፤ ጤፍ ደግሞ ከአራት እርሻ በታች አይወድም። ታናሽ ወንድሜ አለ፣ አዎ። የእሱ ትልም ግን እባብ የሄደበት ይመስላል። ሰኔን ከማሳዬ ርቄ የጨረስኩበት ዓመት የለም። ለጨዋታ ብሎ እርሻ የሚያሳልፍ ገበሬ ብሰማ መጀመሪያ የምስቀው እኔ ነበርኩ።

ጨዋታው እናንተ የምታውቁት እግር ኳስ አይደለም። የአሜሪካኖቹ ነው። ኳሱ ሁለት ጫፉ ሹል ነው፤ ተጫዋቾቹ ሄልሜት ደፍተው፣ ትከሻቸውን በመከላከያ አሳብጠው ይጋጠማሉ። ያን ቀን አትክልቱ ቦታ ከተቀመጥነው ውስጥ ሕጉን በደንብ የሚያውቅ አልነበረም። ክርክሩ የሞቀውም ለዚያ ይመስለኛል።

ተጋጣሚዎቹ ከወደ ሰሜን የሚመጡ፣ ዘንድሮ አንድም ጊዜ ያልተሸነፉ ናቸው። አቶ መኮንን የካሮት ዘር የመጣበትን ወረቀት ገልብጠው የሁለቱን ቡድን ተጫዋቾች ክብደት ደመሩ፣ አካፈሉ፣ መነጽራቸውን አወለቁ። የእኛዎቹ በሰው አሥራ አምስት ኪሎ ስለሚያንሱ በሠላሳ ነጥብ ይሸነፋሉ አሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሰናይት አስመራ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ አነጋገራቸው እስከ ዛሬ ያንን ለዛ አልለቀቀም። ኪሎ የሚያሸንፍ ከሆነ ሰዎቹን ለምን ያደክሟቸዋል፣ ሚዛን ላይ አውጥተው ዋንጫውን አይሰጧቸውም ወይ ብለው ሰላጣቸውን መቁረጥ ቀጠሉ።

ሌላው ናቲ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚጭን፣ እንደ አቶ መኮንን ቤተሰብ የሆነ ጎልማሳ። እሱ ደግሞ የእኛዎቹ ካሸነፉ ጺሜን እላጫለሁ አለ።

«ያ ጺም ነው እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ሰናይት። «እኔ ስትበላ የቀረብህ መስሎኝ እንዳላሳፍርህ ብዬ ዝም ያልኩት።»

እኔ ከቲማቲሙ ሥር አረም እየነቀልኩ እሰማለሁ። ትንሽ ቆሎ ይዘህ ካሻሮ ጠጋ እንደሚባለው፣ ሁለቱ ወንዶች ጠንካራው ጎን ተለጥፈው ደህና ተደላድለዋል። ቀጥሎ ናቲ ወደ እኔ ዞረ።

«አባባ፣ አይቆጡኝና፣ ሞላ እኮ አራት ዓመት ሙሉ ሲጫወት አንድ ቀን ኳስ ነክቶ አያውቅም።»

አረሙን ያዝኩት እንጂ አልነቀልኩትም። አቶ መኮንን ነገሩን ሊያለዝቡ፣ ጥፋቱ የልጁ አይደለም፣ በሚቆምበት ቦታ ደንቡ ራሱ ኳስ ይዞ መሮጥ አይፈቅድለትም አሉ። ይሄ ባሰ። ልጄ ባሕር ተሻግሮ፣ አራት ዓመት፣ ኳስ መያዝ የማይፈቀድለት ኳስ ተጫዋች ሆኗል ማለት ነው። ለጎረቤት አውርቼ ባላውቅም ጎረቤት ሰምቷል። ፊቴ ጋለ፤ ከፀሐዩ አልነበረም።

«ስልኩን አምጣው» አልኩት ናቲን።

ያለፈውን ጨዋታ ቪዲዮ ከፈተልኝ። ሞላ መሐል ላይ፣ አምስት ሆነው ከተደረደሩት አንዱ ነው። አጎነበሰ። ሲጀመር ከፊቱ የቆመውን ሰውዬ ደረቱ ላይ ገጠመው፣ ገፋው፣ ወደ ጎን አዞረው። በተከፈተው በኩል ሌላው ኳሱን ይዞ ሾልኮ ሮጠ፤ ሕዝቡም ለሮጠው አጨበጨበ። አሁንም ደገሙት። ሦስተኛው ላይ ሁለት ሰዎች በሁለት እንጨት ጫፍ የታሰረ ሰንሰለት ይዘው ገቡና ሜዳው ላይ ዘረጉት።

ይሄ ምንድን ነው አልኩ። ናቲ የሚያውቀውን ነገረኝ። ለአንዱ ወገን አራት ዕድል ይሰጠዋል፤ በአራቱ አሥር እርምጃ ያህል መሬት ወደፊት ማስለቀቅ አለበት። ካስለቀቀ ይቀጥላል፤ ካልቻለ ለባላጋራው ያስረክባል። ሲያጠራጥር በሰንሰለት ይለካል።

እናንተዬ፣ እኔ በቀበሌያችን ድንበር ሲያጣላ ገመድ ይዞ የሚሄደው ሽማግሌ ነኝ። ወንድማማቾች ለግማሽ ክንድ መሬት በዱላ ሲፈላለጡ መሐል ገብቼ ለክቻለሁ። ሦስት ወር ሙሉ ልጅህ ኳስ ይጫወታል ሲሉኝ ከረሙ እንጂ፣ ልጅህ መሬት ያስለቅቃል ያለኝ አልነበረም።

ይሄ የመሬት ጉዳይ ነው አልኳቸው። ሦስቱም ቀና አሉ፤ ሳልጠየቅ ስናገር ሰምተውኝ አያውቁም።

«ሞላስ ምኑ ላይ ነው ታዲያ?» አሉ ወይዘሮ ሰናይት።

«ሞላ በሬው ነው» አልኩ።

ናቲ ሳቁን መያዝ አቃተው፤ ልጃቸውን በሬ አሉት ብሎ ለአቶ መኮንን ያልሰሙ ይመስል ነገራቸው። ከተማ ውስጥ ሰውን በሬ ማለት ስድብ መሆኑን አውቃለሁ። በሬ ለሌለው ሰው በሬ ስድብ ነው። ነዶው ሲወቃ ሁሉም አራሹን ጎበዝ ይለዋል፤ ትልሙን የቀደደው ማን እንደሆነ የሚያውቅ ግን ከኋላው የሄደ ብቻ ነው።

አቶ መኮንን ነገሩ ስቧቸው ወረቀታቸውን እንደገና ገለበጡና፣ እንግዲያው እንደ ገበሬ ሲያዩት ዕድላቸው ምን ያህል ነው አሉኝ። ሳላይ አልናገርም አልኩ። ወይዘሮ ሰናይት ቢላዋቸውን አስቀመጡ።

«ሳያዩ አይናገሩም፤ ሐሙስ ደግሞ ይሄዳሉ። ታዲያ መቼ ሊናገሩ ነው፣ አቶ ፈንቴ?»

ቅድም የተውኩትን አረም ነቀልኩት።

ማግስቱን አቶ መኮንን ትኬቱን ወደሚቀጥለው ሳምንት አስቀየሩልኝ፤ ቪዛዬ ለጥቂት ቀን ይተርፍ ነበር። ለወንድሜ ደወልኩና ሦስተኛውን እርሻ አንተ እረስልኝ አልኩት። ታመሃል ወይ አለኝ። አልታመምኩም። ፖሊስ ይዞህ ነው ወይ አለኝ። አልያዘኝም፤ የሞላ ጨዋታ አለ አልኩት። ለቅሶ ብለው ኖሮ ቶሎ ይገባው ነበር። በመጨረሻ በሬዎቹን በስማቸው እንዲጠራቸውና እንዳይመታቸው አስምዬ ዘጋሁ። ለሞላ አልነገርኩትም፤ ሐሙስ ልምምድ ስለነበረው ረቡዕ ማታ መጥቶ ተሰናብቶኝ ሄደ።

ቅዳሜ ከኒድ ተነስተን ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠን ሪደርቫልድ ካለው ሜዳ ደረስን። ሙቀቱ ሣሩን አድርቆታል። ሰሜኖቹ ከአውቶቡስ ሲወርዱ አየኋቸው፤ አንዳንዱ ጎተራ ያህላል። አቶ መኮንን ስሌታቸው ሥጋ ለብሶ ሲራመድ በማየታቸው ደስ ብሏቸው ነበር። እኔ አጥሩን ተደግፌ መስመሩ ጫፍ ላይ ቆምኩ። ሞላ ሲገባ አየኝ። ሐሙስ ሄዷል ያለውን አባቱን ቅዳሜ አጥር ላይ ሲያገኘው ቆም አለ፤ ከዚያ ሄልሜቱን ደፍቶ ቦታው ገባ። እጁን ቢያውለበልብልኝ አዝንበት ነበር።

ጨዋታውን ሁሉ አልተርክላችሁም። ሠላሳ ነጥብ የተባለው አልመጣም። ሰሜኖቹ ቀደሙ፣ የእኛዎቹ ደረሱባቸው፣ እንደገና ቀደሙ። ናቲ ጺሙን እያሻሸ ለልጆቹ መጮህ ጀመረ፤ አቶ መኮንን ወረቀቱን ኪሳቸው ከተቱ። ጥቂት ደቂቃ ሲቀር በሦስት ነጥብ ብቻ ተበልጠን ኳሱ በእኛ እጅ ነበር። በሦስቱ ዕድል ስምንት እርምጃ አስለቀቁ። አራተኛው ቀረ፤ ሁለት እርምጃ መሬት።

ሞላ ፊት የቆመው ከጎተራዎቹ ትልቁ ነው። ሲጀመር ሞላ ከሥሩ ገባለት። ሰውዬው አልተዞረም። ሞላም አልተወውም፤ እግሩ አፈሩን እየፈነቀለ ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ ነዳው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት እርምጃ። ቆጥሬያለሁ። ኳሱን የያዘው ልጅ ግን ሞላን ተከትሎ እንደመሄድ ወደ ጎን አለና እዚያው ጣሉት።

ሰንሰለቱ ገባ፤ እኔ ከቆምኩበት ፊት ለፊት ተዘረጋ። ዳኛው በእጁ ወደ ሰሜኖቹ አመለከተ። አለቀ።

በእኛ በኩል ያለው ሕዝብ ጮኸ። ናቲ ዳኛው ሌባ ነው አለ። አቶ መኮንን ደግሞ በዕድሜያቸው ሙሉ በሠሩበት ሙያ ምለው፣ ብረት በሙቀት ይረዝማል፣ ስለዚህ ዛሬ አሥሩ እርምጃ ከአሥር በላይ ነው አሉ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ ቅርብ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ መለካትም የእኔ ሥራ መሆኑን ሰምተዋል።

ዳኛው ልክ ነው አልኳቸው። ናቲ እንደ ከሃዲ አየኝ። ምን ላድርግ? በድንበር ላይ ለልጁ ያደላ ሽማግሌ በማግስቱ ገመዱን ይቀማል።

ሰሜኖቹ ጨፍረው አውቶቡሳቸው ገቡ። የናቲ ጺም ተረፈ፤ እሱ ግን ደስ አላለውም። ሰው ሲበተን አቶ መኮንን ከመጀመሪያውም ቀላል እንደማይሆን ተናግሬ ነበር ሲሉ ወይዘሮ ሰናይት ወረቀቱ ያለበትን የባላቸውን ኪስ እያዩ ፈገግ አሉ።

ሞላ ወደ አጥሩ መጣ። ፊቱ ላይ ላብና ሣር ተለጥፏል፤ ዓይኑ ቀልቷል። ለምን ቀሩ አላለኝም፣ እርሻውስ አላለኝም።

«አባቴ፣ እርስዎ ቅርብ ነበሩ» አለኝ። «ደርሶ ነበር?»

«ስንዝር ጎድሏል።»

ራሱን ነቀነቀ። ጥቂት ዝም አልን። እኛ ቤት ይህ ረጅም ወሬ ነው።

«ያንተን ሰውዬ አምስት እርምጃ ወሰድከው» አልኩት። «ቆጠርኩ።»

ፊቱን ወደ ሜዳው አዙሮ ብዙ ቆየ፤ እኔም የሚያየውን ነገር የማይ መስዬ አብሬው ሜዳውን አየሁ።

ልብሱን ቀይሮ ሲወጣ ትልቁን ቦርሳውን እየጎተተ ነበር፤ ሄልሜቱም፣ የትከሻ መከላከያውም፣ ጫማውም እዚያ ውስጥ ነው። በእኛ ዘንድ ልጅ ባለበት አባት ሸክም አያነሳም፤ ቢያነሳ ልጁ ይሰደባል፣ አባቱም ይታማል። ይህን አውቃለሁ። ቢሆንም ወሰንኩ፤ ሄጄ ማንገቻውን ከእጁ ተቀበልኩት። ናቲ ሮጦ መጥቶ አባባ ነውር ነው፣ ይስጡኝ አለ። ሞላም ደንግጦ እጁን ዘረጋ። ለአንዳቸውም አልሰጠሁም።

«ተው፤ ያንተ ሥራ አልቋል» አልኩት።

ከበደኝ፤ አልዋሽም። ትከሻዬ ላይ አስተካክዬው ከፊታቸው ቀደምኩና ወደ ኡባኑ፣ ወደ ምድር ውስጥ ባቡሩ ጣቢያ መንገዱን ያዝኩ።