ነፋስ የተባሉት መልእክተኛ ስለ ኤሊዪቱ በዝግታ የዘመቱበት ዜና

በዘመነ ነፋስ፣ ይኸውም ፈጣኑ የፖስታ መልእክተኛ ሊፍት መጠበቅን በናቁ በአሥራ ስምንተኛው ዓመት፣ አማታቸው የጓዳውን በር እንዲያስተካክሉ ባዘዟቸው በሦስተኛው ዓመት፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ ከረፋዱ በአራት ሰዓት ይህ ሆነ። እኔም ከመንገዱ ማዶ ያለሁት ልብስ ሰፊ፣ ደንበኞቼን ጥዬ፣ መርፌዬን ኮሌታዬ ላይ ሰክቼ፣ በዓይኔ ያየሁትን ጻፍሁ፤ ዋሽተሃል የሚለኝ ካለ ሱሪውን ሌላ ይስፋለት።

ምክንያተ ዘመቻውም የመልእክተኛው ባለቤት፣ የባሕር ኤሊዎች ሐኪም የሆነችው፣ የዓሣ መረብ የፊት እግሯን የጎዳባትን አንዲት ኤሊ በማገገሚያው ገንዳ ስታስታምም ሳለች፣ የገንዳው ውኃ ማሞቂያ ተቃጠለ፤ ብርዱ ሳይገባ አዲስ ካልተገዛ ኤሊዪቱ አትተርፍም ብላም ሐኪሟ ዕቃ እያጠበች አለቀሰች። ነፋስም የሚስታቸውን እንባ አይተው ወጡ፤ ወእምዝ በፀጉር አስተካካዩ በር ላይ አዋጅ ለጠፉ፦

«ስማ፣ ያልሰማህ ስማ! ከፖስታ ቤቱ በር እስከ መድኃኒት ቤቱ በር እንደ ኤሊ እሄዳለሁ። አልቆምም፣ አልሮጥም። ለኤሊዪቱ ማሞቂያ መግዣ በየደቂቃው የአቅምህን ክፈልልኝ!»

ዘጠና እርምጃ የማይሞላውን መንገድ እርሳቸው አስነጥሰው ሳይጨርሱ ያልፉታልና ሰፈሩ ሳቀ። ከሁሉም አብልጠው የሳቁት እመ ሐኪም፣ አማታቸው፣ ቦርሳቸውን በሁለት ዚፕ የሚዘጉት፣ እንዲህ አወጁ፦

«ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ለእያንዳንዷ ትርፍ ደቂቃ ብቻዬን የሁላችሁን እጥፍ እከፍላለሁ። ይሄ ሰው እኮ ሻይ እስኪበርድለት አይታገሥም!»

ነፋስም ተነሡ፤ በቀኛቸው ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ፣ ከእርሱም ጋር ግማሽ ራሱ የተላጨ ደንበኛው፣ በግራቸው መድኃኒት ቀማሚዋ ከነነጭ ጋዋኗ፣ ከኋላ ዱቄት የለበሱ የዳቦ ቤት ሠራተኞች፣ በስተመጨረሻም ማንም ያልጠራው ውሻ ተከተሏቸው፤ ውሻውም ሁለት ጊዜ ተኝቶ ሁለት ጊዜ ደረሰባቸው። ወሶበ ርእዩ ሕዝብ አንከሩ፤ ያየው ሕዝብ ሁሉ ተደነቀ።

በሃምሳ ስምንተኛው ደቂቃ፣ ፌርማታው አጠገብ ሳሉ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሮጠው የያዙት ሰባት ቁጥር አውቶቡስ መጣ። ለእናቱ እንኳ ቆሞ የማያውቀው ሹፌር በዚያች ቀን አዝኖላቸው በሩን ከፍቶ ጠበቃቸው፤ ጥሩንባውንም ነፋ። እመ ሐኪምም መንገዱ ዳር አውጥተው ከተቀመጡበት ወንበር ብድግ ብለው አወጁ፦

«አውቶቡሱ ሊያመልጥህ ነው! ምን ይገትርሃል?»

የነፋስም ቀኝ እግር ጌታውን ሳያስፈቅድ ወደ አውቶቡሱ ተነሣ። እርሳቸው ግን ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ላባቸው ካፍንጫቸው እየተንጠባጠበ፣ ያንን እግር ዝቅ፣ ደግሞ ዝቅ እያደረጉ ሁለት ደቂቃ ሙሉ አወረዱት። እውነቱን ልናገር፣ ፈርቼላቸው ነበር። ጫማቸው አስፋልቱን ሲነካ አውቶቡሱ ሄደ፤ ሰዓቱም ሞላ። ከዚያም ሌላ አርባ ደቂቃ ተጓዙ፤ በየደቂቃውም የአማታቸው ፊት ይገረጣ ነበር። ሆኖም እመ ሐኪም ቃላቸውን አላጠፉም፤ ማሞቂያውም ብርዱን ቀድሞ ተገዛ።

ከሦስት ወር በኋላ ኤሊዪቱ ድና በባሕሩ ዳር ስትለቀቅ ሁላችንም ሄድን። እርሷም በአሸዋው ላይ ጥቂት ትሄድና ታርፋለች፤ ነፋስ ግን ትዕግሥታቸውን በዚያች ቅዳሜ ጨርሰውት ኖሮ፣ ተሸክመው ሊያደርሷት ጎንበስ አሉ። ያን ጊዜ አማታቸው፣ ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ አወጁ፦

«እጅህን ሰብስብ! እንደ ልቧ ትሂድ የኔ ልጅ፤ ማንም እንዳያስቸኩላት!»

ማዕበሉም መጥቶ ሲቀበላት አማትና አማች በአንድ መሐረብ አለቀሱ። ክብር እንግዲህ ለነፋስ፣ ለመዋዔ አውቶቡስ፣ የገዛ እግራቸውን ድል ለነሡት! እንደ እርሳቸው ያለ ቀርፋፋ ከእርሳቸው በፊት አልነበረም፤ ከእርሳቸውም በኋላ አይነሣም።